ታኮ ያቀፈው ሰው

ፍሬን የነካ ሰው ቁልቁለቱን አብሮ ይወርዳል።

የጋራዡ ሕግ ይህ ነው። የትም አልተጻፈም፣ ማን እንዳወጣውም የሚያውቅ የለም፤ ነገር ግን ከተጻፉት ሁሉ ይልቅ የሚከበረው እሱ ነው። ሞተር የፈታ ሰው ሞተሩን አስነስቶ፣ ጭሱን አይቶ፣ እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጎማ የቀየረ ጎማውን በጫማው ጠለዝ አድርጎ «በል መንገድህን!» ይላል። ፍሬን የሠራ ግን ጋቢና ገብቶ ከሾፌሩ አጠገብ ይቀመጥና፣ ከጋራዡ በር እስከ ታችኛው ሰፈር ድረስ ያንን አንጀት የሚያላውስ ቁልቁለት አብሮ ይወርዳል። ፍሬኑ ከያዘ እሰየው። ካልያዘም የእጁን አገኘ ማለት ነው።

ታዲያ ለዚህ ሥራ የተመረጠው ሰው በከተማው ካሉት ፈሪዎች ሁሉ አውራው ነበር ቢባል ማን ያምናል?

በስሙ የሚጠራው አልነበረም። ባልደረቦቹ «ፈሪ ለእናቱ» ከሚለው አባባል የፊተኛውን ቃል ለይሉኝታ ሲሉ ትተው «ለእናቱ» ብለው አስቀሩት። ውሻ ይፈራል። መሰላል ይፈራል። ንፋስ የሚዘጋው በር ይፈራል። ድመት ከጣራ ስትዘል እሱ ከወንበር ይዘላል። መብረቅማ አይነሳ! ደመናው ገና ፊቱን ሳያጠቁር የእሱ ፊት ጠቁሯል። ከሁሉ በላይ ግን የሚፈራው ቁልቁለት ነው። በእግሩ ሲወርድ እንኳ ግድግዳ ግድግዳውን ይዞ፣ ተረከዙን እየተከለ፣ ዘንቢል የያዙ አሮጊቶች እየቀደሙት ነው።

ሥራ ሊጠይቅ የመጣ ዕለት፣ አሁን በጡረታ ቤቱ የተቀመጠው የጋራዡ አለቃ ከላይ እስከ ታች አየውና «ምን ትችላለህ?» አላለውም።

«ምን ትፈራለህ?» አለው።

ወጣቱ መካኒክ መዋሸትም ይፈራ ስለነበር እውነቱን ዘረዘረ። ዝርዝሩ አላልቅ ሲል አለቃው እጁን አነሳ።

«በቃ፣ በቃህ! ፍሬን ስጡት» አለ ወደ ሌሎቹ ዞሮ። «ደፋር ሞተር ይሥራ። ፍሬን የፈሪ ነው።»

እውነትም ለእናቱ የነካው ፍሬን ልክ እንደ ሙጫ ይይዝ ነበር። ሌላው አንዴ አጥብቆ የሚተወውን ቡሎን እሱ ያጠብቀዋል፤ ይሄዳል፤ ተመልሶ ይነካዋል፤ እጁን ታጥቦ ልብሱን ቀይሮ በሩ ጋ ከደረሰ በኋላ ደግሞ ቆም ይልና ያስበዋል። ያን ጊዜ ዘበኛው «ግባ፣ ግባ፣ አውቃለሁ» ብሎ በሩን መልሶ ይከፍትለታል።

ቁልቁለቱን ሲወርድ ታኮ ያቅፋል። ታኮ መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማው ስር የምትገባዋ ባለ ሦስት ማዕዘን ግንድ ናት። የእሱ ታኮ ከጠንካራ እንጨት የተጠረበች፣ ገመድ የታሰረላት፣ ጠርዟ በጎማ ተበልቶ የለሰለሰ ናት። ጋቢና ገብቶ ሲቀመጥ ታኮዋን ጭኑ ላይ አስተኝቶ በሁለት እጁ ይይዛታል፤ ጉልበቱ እንደ ቄጠማ ሲርገፈገፍ ታኮዋም አብራው እሹሩሩ ትላለች። መንገድ ዳር ያሉት ሁሉ ለምደውታል።

«ለእናቱ ዛሬም ሕፃኑን ታቅፏል!» ይላል ልብስ ሰፊው ከሱቁ በር ላይ። «ጡጦ ላምጣልህ ወይ?»

«ፍሬኑ እምቢ ካለ ዘልዬ ወርጄ ከጎማው ስር እጥላታለሁ» ይላል ለእናቱ፣ ዓይኑን ከመንገዱ ሳይነቅል።

«አንተ? አንተ ልትዘል?» ከዚያ በኋላ ሳቁ እስከ ታችኛው ሰፈር ይከተለዋል።

በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን እንኳ አልዘለለም። ፍሬኑ እምቢ ብሎት አያውቅማ!

ሚስቱን ያገኘውም በፍርሃቱ ነው። ልጅቷን ወዷት ቤቷ በር ድረስ ይሄዳል፤ ግቢው ውስጥ ግን ጥጃ የሚያህል ውሻ አለ። አጥሩን ተሻግሮ ከማንኳኳት ይልቅ ውሻውን ለማባበል በየምሽቱ ዳቦ በአጥሩ ላይ እየወረወረ ይመለስ ጀመር። ውሻው ወፈረ። ወፍሮ ወፍሮ መጮህ ሰነፈ። አንድ ቀን ልጅቷ በሩን ድንገት ከፈተችና «ውሻዬን ሌባ እንዳይዝ አድርገህ ያሰነፍከው አንተ ነህ? እንግዲህ ቤቱን አንተው ጠብቅ!» አለችው። እስከ ዛሬ ድረስ እየጠበቀ ነው።

ከእነዚህ ሁለት ሰዎች የተወለደችው የበኩር ልጃቸው ግን ፍርሃት የሚባል ነገር በአጠገቧ አላለፈም። ዛፍ ላይ ስትወጣ እሱ ከስር እጁን ዘርግቶ ዛፉን ሲዞር ነው ያደገችው። «ድፍረቷ ከእኔ ነው» ትላለች እናትየው። «ከአንተ የወሰደችው ጆሮዋን ብቻ ነው፤ እሱም ትንሽ ገንጠል ያለ ነው።» ልጅቷ አደገች፣ መንጃ ፈቃድ አወጣች፣ ለጥቂት ጊዜ ትንንሽ መኪና ነዳች፤ በመጨረሻም ሻምበል የሚሉትን የውሃ ቦቴ ተረከበች። ለእናቱ ይህን የሰማ ዕለት እራት አልበላም።

ሻምበል ከጦሩ ጡረታ የወጣ አሮጌ ወታደራዊ መኪና ነው። አፍንጫው ረጅም፣ ጎማው እስከ ሰው ደረት የሚደርስ። ሰማያዊ ቀለም ቢቀቡትም ጥፍር ከነካው ከስር አረንጓዴው ብቅ ይላል። ጀርባው ላይ ትልቅ የውሃ ታንከር ተጭኖለት፣ ከጋራዡ በላይ ካለው ጉድጓድ እየቀዳ ለታችኛው ሰፈር ያደርሳል። በዚያ ሰሞን የታችኛው ሰፈር ፓምፕ ተበላሽቶ ጤና ጣቢያው እንኳ እጅ የሚታጠብበት አጥቶ፣ የሁሉም ዓይን ሻምበል ላይ ነበር።

ለእናቱ ግን ሻምበልን የሚጠላበት ምክንያት ነበረው። አዳዲሶቹ ከባድ መኪኖች አየር ሲያልቅባቸው ፍሬናቸው በራሱ ጭምድድ አድርጎ ይይዛል። ሻምበል የድሮ ሰው ነው፤ የሚይዘው በአየር ነው። አየሩ ካለ ፍሬን አለ፤ አየሩ ካለቀ ፔዳሉን ብትረግጠው ትራስ የረገጥክ ያህል ነው። የእጅ ፍሬን አለው፣ ግን ባዶውን ሜዳ ላይ ቢያቆም ነው። ውሃ ጠግቦ ቁልቁለት ላይ ከሆነማ... ለእናቱ ሐሳቡን እዚያ ላይ ያቋርጠዋል፤ መጨረስ ይፈራል።

አንድ ጠዋት ልጅቷ መኪናውን ጋራዥ ውስጥ አቆመችና በመስኮቱ ብቅ አለች።

«አባዬ፣ ሻምበል እያንኮራፋ ነው።»

ሞተሩን አጠፋች። ሁሉም ዝም አለ። ከጋቢናው ወለል ስር «ስስስስ...» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ትንሽ ቆይቶ ከኋላም ወንድሙ መለሰለት። የአየሩን መጠን የሚያሳየው የጌጁ መርፌ ዓይናቸው እያየ ቁልቁል ይንፏቀቃል።

ለእናቱ አመድ መሰለ። «በዚህ ነው እስከ ላይ ድረስ የመጣሽው?»

«ሽቅብ ነዋ የመጣሁት! ሽቅብ ምን ፍሬን ያስፈልገዋል?»

«ኧረ በናትሽ ተይኝ!»

አየሩን የሚያሾልኩት ሁለት ቫልቮች ነበሩ። አንዱ ከፔዳሉ ስር ያለው፣ በእግር ሲረገጥ አየሩን የሚለቀው። ሁለተኛው ከታንከሩ ስር ያለው፣ ያንን ትእዛዝ ተቀብሎ ለኋላ ጎማዎች አየር የሚያድለው። ሁለቱም አርጅተው፣ ውስጣቸው ያለው ጎማ ደርቆ እንደ ብስኩት ተሰነጣጥቋል። አዲሶቹ ከመጋዘን መጡ። ለእናቱ ታኮዋን ከፊት ጎማ ስር አስገባ፤ ሌላ ድንጋይም ጨመረ፤ አየር የሚጠራቀምባቸውን በርሜሎች ከፍቶ አስተነፈሰ። ቱቦዎቹ እንዳይምታቱበት የሚስቱን አሮጌ ቀሚስ ቀዶ በየዓይነቱ ክር አሰረባቸው። አዲሱ ቫልቭ ቀዳዳዎቹ እንደ አሮጌው አልተቀመጡም ነበርና ሁለቱን ጆንያ ላይ ጎን ለጎን አስተኝቶ፣ በአውራ ጣቱ እየተጫነ፣ በአፉ ትንፋሽ እየነፋ፣ የትኛው ቀዳዳ ከየትኛው ጋር እንደሚገናኝ አንድ በአንድ ለየ። ቱቦ ሲገጥም ደግሞ ማሸጊያ ቅባቱን ከቱቦው ጥምዝ ጥርስ መሐል ላይ ብቻ ይቀባል፤ ጫፉን አይነካም፤ ቅንጣት ወደ ውስጥ ከገባ ቫልቭ አፉን መዝጋት አይችልምና።

የፊተኛው አለቀ። የኋለኛውም ታሰረ። አንዲት ቱቦ ብቻ ስትቀር ሰማዩ አጉረመረመ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉም የሚያውቀው ነው። ሁለተኛው ነጎድጓድ ሳይደገም ለእናቱ ከመኪናው ስር እንደ አይጥ ሾልኮ፣ መጋዘን ገብቶ፣ ጎማ በተደረደረበት መሐል ቁጢጥ ብሏል።

«ለእናቱ!» ሲል ጮኸ ጥድፌ፣ የጋራዡ የሞተር ሰው። «መብረቁ ስምህን ጠርቶ አቤት የሚል ጠፋ!»

ጥድፌ ቅጽል ስሙ ራሱ ይናገራል። ሲበላ ይቸኩላል፣ ሲያወራ ይቸኩላል፣ ሲያርፍ እንኳ በጥድፊያ ነው። በዚያ ጠዋት የሻምበልን የውሃ ማውጫ ቧንቧ ሲጠግን ነው ያረፈደው፤ ኪሱ ውስጥ ቧንቧ ሠሪዎች የሚጠመጥሙት ነጭ ቴፕ ነበረ። እጁ የለመደውን አደረገ። ከመኪናው ስር ተንሸራቶ ገባ፤ ነጩን ቴፕ ጠመጠመ፤ ትርፉን ቀደደና ጣለ፤ ቱቦዋን አጥብቆ ወጣ። ለውሃ ቧንቧ የተመሰገነ ሥራ ነው።

ነጎድጓዱ ሲርቅ ለእናቱ ብቅ አለ።

«ጨረስኩልህ» አለው ጥድፌ።

«ምኑን?»

«የመጨረሻዋን። አንተ ጎማ አቅፈህ ስትጸልይ እኛ እንሠራለን።»

«ምን ቀባህባት?»

«የሚቀባውን ነዋ! ምን ልቀባላት፣ ሽቶ?»

ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። ሴት ልጁም ሳቀች፤ እሷ የሳቀችው ግን ለራሷ ሳይታወቃት ነው። የለእናቱ እጅ ቁልፉን አንስቶ ነበር። ሊፈታት፣ ሊያያት፣ በራሱ እጅ መልሶ ሊገጥማት አሰበ። ሌላ ቀን ቢሆን ይህን ሳያደርግ እንቅልፍ አይወስደውም። ዛሬ ግን ልጁ እያየችው ነበር።

«አባዬ፣ ጤና ጣቢያው እየጠበቀኝ ነው» አለችው ቀስ ብላ።

በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በፍርሃቱ አፈረ። ቁልፉን መልሶ አስቀመጠው።

ሳሙና በጥብጦ በየመገጣጠሚያው ቀባ፤ አንዲት አረፋ አልተነፋችም። አየሩ ሞላ፤ መርፌው ቀጥ ብሎ ቆመ። ልጅቷ ረገጠች፣ ለቀቀች፣ ረገጠች፣ ለቀቀች። የ«ስስስስ» ድምፅ የለም። ሁሉም «በቃ፣ ተከተት!» አሉት። ታኮዋን ከጎማው ስር ጎትቶ፣ ከነጭቃዋ አቅፎ ጋቢና ገባ። ጉድጓዱ ጋ ታንከሩን እስከ አፉ ሞሉትና ወደ ቁልቁለቱ አፍ መጡ።

ከቁልቁለቱ አናት ላይ ሲታይ መንገዱ የሚያልቅ አይመስልም፤ የሚወድቅ ነው የሚመስለው። ግራና ቀኙን ሱቆች፣ መሐሉን ሰው፣ ታች ጥጉ ላይ ጤና ጣቢያውና የገበያው ዳስ። ልጅቷ ማርሹን ቀንሳ ጡሩንባውን ነፋች። የለእናቱ ጉልበት ሥራውን ጀመረ። ርግፍ፣ ርግፍ፣ ርግፍ።

«አባዬ፣ መኪናውን እኮ አንተ ነህ የምታነቃንቀው።»

«ዝም ብለሽ ንጂ!»

ዓይኑን ከመንገዱ ለማሸሽ ታኮዋን ያይ ጀመር። ጭቃዋን በአውራ ጣቱ መፋቅ ያዘ። ከጭቃው ስር አንዲት ነጭ ነገር ተጣብቃ አገኘ። ጎተታት። ተለጠጠች። እንደ ሸረሪት ድር ቀጥና፣ ሳትበጠስ ረዘመች።

ቴፕ ናት። የውሃ ቧንቧ ቴፕ። ታኮዋ ደግሞ ቀኑን ሙሉ የነበረችው ከመኪናው ስር ነው።

«የሚቀባውን ነዋ!» ያለው የጥድፌ ድምፅ ጆሮው ውስጥ ተመልሶ መጣ። እሱ በዕድሜው ሙሉ አየር ቱቦ ላይ ቴፕ ጠምጥሞ አያውቅም። ከጥርሱ ጫፍ የተቀደደች አንዲት ክር ብቻ ትበቃለች፤ አየሩ እየገፋ ይወስዳትና ቫልቩ አፍ ላይ ያስቀምጣታል። ምናልባት ወስዷት ይሆናል። ምናልባት አልወሰዳትም። ደግሞስ እሱ ያልፈራው ቀን መቼ አለ? ፍርሃቱን የሚመዝንበት ሚዛን እኮ የለውም!

ልጅቷ ፍሬኑን ረገጠች። ሻምበል ተገታ። ለቀቀችው።

ከኋላ «ስስስስ...» አለ። አላቋረጠም። የጌጁ መርፌ ከቆመበት ተንቀሳቀሰ።

የለእናቱ ቆሌ ተገፈፈ። ነገር ግን እንዲህ ያለ ፍርሃት አያውቅም ነበር፤ ድምፅ የለውም። ጉልበቱን አየው። ቀጥ ብሏል። እጁ ታኮዋ ላይ ረግቷል። የሰውነቱ ሁሉ መንቀጥቀጥ አንድ ላይ ተሰብስቦ ዝም ያለ መሰለው፤ ዝምታው ደግሞ ከመንቀጥቀጡ ሁሉ የባሰ አስፈራው።

«የኔ እናት» አለ። «ፍሬኑን ርገጪ። እስኪቆም ድረስ ርገጪና እግርሽን እንዳታነሺ።»

«አባዬ ደግሞ፣ ሰው ሁሉ እያየን...» ብላ ዞር ስትል እጁን አየች። አባቷን ሳይንቀጠቀጥ አይታው አታውቅም። ከመርፌው ይልቅ እሱ አስደነገጣት። ያላትን ኃይል ሁሉ እግሯ ላይ ጣለች።

ሻምበል አቃሰተ፣ አፍንጫውን ደፋ፣ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ፊት ለፊት ቆመ። የሚሾልከው አየር ድምፅ ጸጥ አለ።

«ቆመ እኮ። ድምፁም ጠፋ።»

«የጠፋው ረግጠሽ ስለያዝሽው ነው። ስትለቂው አየሩ ይወጣል። አሁን ያለን አየር ያች የያዝሻት ብቻ ናት። ሞተሩን አታጥፊ። የእጅ ፍሬኑን ሳቢ። እግርሽ እንዳለ ይሁን።»

«አንተስ ወዴት ነህ?»

ለእናቱ በሩን ከፈተ። መሬቱ ሩቅ ነበር፤ መንገዱም አዘቅዝቋል። ታኮዋን በገመዷ አንጠልጥሎ ዓይኑን ጨፈነና ዘለለ።

«ኧረ ለእናቱ ዘለለ! ዘለለ እኮ ጎበዝ!» አለ ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩን ከአንገቱ እንዳንጠለጠለ ከሱቁ እየወጣ። መንገዱ ሁሉ ሳቀ። ለእናቱ በጉልበቱ ወድቆ ተነስቶ፣ መዳፉ እየደማ፣ ከሻምበል ፊት ገባ። ደረቱ ድረስ የሚመጣው ጎማ ከፊቱ ቆሟል። ከጎማው በላይ አፍንጫው፣ ከአፍንጫው በኋላ ያ ሁሉ ውሃ። ይህ ነገር አንድ ክንድ ቢንቀሳቀስ የሚያልፈው በእሱ ላይ ነው። ታኮዋን ከጎማው ስር ሰክቶ በተረከዙ እየመታ አስገባት። ከዚያም ቀና ብሎ ጮኸ።

«ድንጋይ! ድንጋይ አምጡ! ልጄ መኪናው ውስጥ ናት!»

ልብስ ሰፊው ፊቱን ሲያይ ሳቁን አቆመ። ሮጦ የሱቁን በር የሚያስደግፍበትን ድንጋይ አመጣ። ሌላው ከመንገዱ ጠርዝ ነቀለ። ሌላዋ የብሎኬት ስባሪ ተሸክማ መጣች። አንዱ ወደ ጋራዡ ሽቅብ በረረ።

«ውሃውን ልቀቁት!» አለ ለእናቱ። «ቧንቧውን ክፈቱ፣ ይቅለል!»

ቧንቧው ተከፈተ። መጀመሪያ ውሃው በመንገዱ ላይ ፈሰሰ፤ ወዲያው ግን ሰው አንጀቱ አልቻለም። ጀሪካን መጣ፣ ባልዲ መጣ፣ ሳፋ መጣ። «ተራ ያዙ!» «ኧረ እኔ ቀድሜ ነው!» «መኪና ሊያልፍብን ነው እንዴ እዚህ የምንጋፋው?» «ቢያልፍስ፣ ታጥበን እንሙት!» ከሻምበል ኋላ እንደ ሠርግ ቤት ሞቀ፤ ከሻምበል ፊት ግን ለእናቱ ብቻውን ነበር።

«አባዬ!» ስትል ሰማ ከላይ። «እግሬ ደነዘዘ።»

ከጎማው ስር ድንጋይ አለ፣ ታኮ አለ። ይበቃ ይሆን? አያውቅም። ወደ ጎን ገለል ብሎ ቢቆም ማን ይፈርድበታል? ለእናቱ ግን፣ ያ መሰላል የሚፈራው ሰው፣ የሻምበልን መወጣጫ ይዞ ተመልሶ ወጣ። ልጁ ፊቷ በላብ ታጥቦ፣ ሁለት እጇን መሪው ላይ ተክላ፣ እግሯ ፔዳሉ ላይ ይንዘፈዘፋል። ተጠጋትና የእሱን ግራሳም ጫማ በእሷ ጫማ ላይ ጫነ። ቀስ ብሎ ከበደባት። ፔዳሉ ረጋ።

እንዲህ ሆነው ተቀመጡ፤ የአባት እግር በልጅ እግር ላይ።

«አባዬ፣ ፈራሁ» አለች።

«ጎሽ።»

«ምኑ ነው ጎሹ?»

«እስከ ዛሬ በዚህ ቤት የፈራሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ደከመኝ እኮ፣ ልጄ።»

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣባት። «አትሳቂ፣ እግርሽ ይነሳል» አላት፤ እሱም ከንፈሩን ነከሰ።

ጥድፌ ትንፋሹ ተቆርጦ ደረሰ፤ የጋራዡን ታኮዎች ሁሉ በትከሻውና በብብቱ ተሸክሞ። ከስድስቱም ጎማዎች ስር አስገቡላቸው። ታንከሩም ጎደለ፤ የሻምበል ጀርባ ቀና አለ። «አሁን» አለ ለእናቱ። እግሩን አነሳ። እሷም አነሳች። «ስስስስ...» መርፌው እየተንሸራተተ ወርዶ ዜሮ ላይ ተኛ። ሻምበል ወደ ፊት አንዴ ጎበጥ አለ፤ ታኮዎቹ ሲጥ አሉ። ከዚያ በኋላ አልተነቃነቀም።

ጥድፌ ከመኪናው ስር ሊገባ ሲንበረከክ ለእናቱ በኮሌታው ያዘው። «አንተ አትነካትም። እግሬን ያዝልኝ ብቻ፤ አንዳች ነገር ሲጥ ካለ ጎትተኝ።»

ጥድፌ የለእናቱን ሁለት ቁርጭምጭሚት ጨምድዶ ይዞ ተቀመጠ። ለእናቱ ቱቦዋን ፈታ፤ ቫልቩን አወረደ። ከመኪናው ስር ወጥቶ፣ ጥላ ላይ ተቀምጦ፣ በካቻቢቴ ጫፍ ከአፉ ላይ አወጣት። ነጭ፣ የጥፍር ቁራጭ የምታህል ክር። በጥድፌ መዳፍ ላይ አስቀመጠለት።

ጥድፌ ለረጅም ጊዜ አያት። ያ ቸኳይ ሰው ለአንዴ ቀስ አለ።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት።»

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለውን ነበር» አለ ልብስ ሰፊው።

«ከመጠምጠም መማር ይቅደምም ብለዋል» አለች አንዲት ባልዲ የያዘች ሴት ከኋላ።

ጥድፌ አንገቱን ደፋ። «ልጅህን ልገድልብህ ነበር።»

«አንተ የጠመጠምከውን እኔ ሳልፈታው አሳለፍኩት» አለ ለእናቱ። «ሳቃችሁን ፈራሁ። ከምፈራቸው ነገሮች ሁሉ መፈራት ያልነበረበት እሱ ነበር።»

ቱቦዋን ከቴፑ አጽድቶ፣ ማሸጊያ ቅባቱን ከጥርሱ መሐል ቀብቶ፣ በራሱ እጅ ገጠማት። ሳሙና ቀባ። ልጅቷ ረገጠች፣ ለቀቀች፤ ረገጠች፣ ለቀቀች። እሱ «እንደገና» አለ። ማንም አልሳቀም። «እንደገና።» ልብስ ሰፊው ራሱ ጎንበስ ብሎ አረፋ ይፈልግ ነበር።

ሻምበል ባዶውን ሽቅብ ተመለሰ፤ ጉድጓዱ ጋ እንደገና ጠጥቶ ወደ ጋራዡ በር መጣ። ጤና ጣቢያው አሁንም እየጠበቀ ነው። ልጅቷ መሪዋን ይዛ፣ ለእናቱ ታኮዋን አቅፎ ሲቀመጥ፣ የጋራዡ ሰዎች ሁሉ ወደ ጥድፌ ዞሩ። ሕግ ሕግ ነው፤ ፍሬን የነካ ሰው...

«እኔ የሞተር ሰው ነኝ እኮ!» አለ ጥድፌ።

«ነክተሃል» አለው ዘበኛው፣ የጋቢናውን በር እየከፈተ።

ጥድፌ ጋቢና ወጣና ከለእናቱ ቀጥሎ በሩ ጋ ተጣበቀ። ቁልቁለቱ አፍ ላይ ሲደርሱ መንገዱ ከፊታቸው ወደቀ። ጥድፌ በሕይወቱ ከዚያ ቦታ ላይ ሆኖ አይቶት አያውቅም ነበርና ላቡ በጆሮ ግንዱ ወረደ።

«ለእናቱ» አለ በሹክሹክታ።

«አቤት።»

«ያችን ነገር... አንዴ ታቀብለኛለህ?»

ለእናቱ ታኮዋን አየ። ጥድፌን አየ። ጭኑ ላይ አስቀመጠለት። «ገመዷን በጣትህ ጠምጥም» አለው። «መጠምጠም ትወዳለህ።»

ባዶ የቀሩት የራሱ እጆች የሚያርፉበት ቦታ አጡ። ጉልበቱ ላይ አደረጋቸው፣ ደረቱ ላይ አጣጠፋቸው፣ መልሶ አወረዳቸው። ልጁ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል የአንገት ልብሷን በአንድ እጇ ፈትታ ወረወረችለት።

«እሱን ያዝ፣ አባዬ።»

ፍሬኑን ረገጠች። ሻምበል ተገታ። ለቀቀችው። ሦስቱም ጆሯቸውን ወደ ኋላ ቀሰሩ።

ጸጥታ።

የጌጁ መርፌ ከቦታው አልተነቃነቀም። ያን ጊዜ፣ ከስር፣ ከጫማው ሶል ጀምሮ አንድ ነገር ሲመጣ ለእናቱ ተሰማው። ቁርጭምጭሚቱን አለፈ፣ ወደ ጉልበቱ ወጣ። ርግፍ፣ ርግፍ፣ ርግፍ። ያ የድሮው፣ የየቀኑ፣ የሚያውቀው መንቀጥቀጥ።

«አባዬ፣ መኪናውን እያነቃነቅከው ነው» አለች ልጁ።

«እሰየው» አለ ለእናቱ፣ የአንገት ልብሱን አቅፎ። «ንጂ።»